እኔን ከመጠየቃችሁ በፊት ቲዩቡን ጠይቁት

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፤ በከተማዋ ዳርቻ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ደም ለሚቀዱ፣ ለሚመረምሩና ውጤት ለሚያነቡ ባለሙያዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ከኤች አይ ቪ ጋር የምንኖር ሰዎች የደም ምርመራ ውጤት የሚታመን እንዲሆን ስለመጠየቅ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ቫይረሱ በደሜ ውስጥ መኖሩን ካወቅሁ 22 ዓመት አልፎኛል፤ መድኃኒት ከጀመርኩ ደግሞ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች አከፋፍላለሁ። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ ከቫይረሱ ነጻ ናቸው። ስሜን ያልጻፍኩት ስለማፍር አይደለም፤ ልጆቼ ገና ተማሪዎች ስለሆኑ፣ ይህን ጉዳይ መቼና ለማን እንደሚነግሩ ራሳቸው እንዲወስኑ ብዬ ነው። ቀጥሎ የምነግራችሁ ስህተት የተፈጠረበትን ጤና ጣቢያም በስም አልጠራውም። እዚያ ያሉ ሰዎች ስንት ጊዜ ደግፈው ያቆሙኝ ናቸው። ደግሞም ነገሩ የአንድ ጤና ጣቢያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለእናንተ አልጽፍም፤ ሄጄ ለኃላፊው እነግረው ነበር።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የዓመቱን ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ ብዛት የሚቆጥረውን ምርመራ፣ ሰጠሁ። ከዚያ በፊት ለሰባት ዓመታት ውጤቴ አንድ ዓይነት ነበር፤ «አልታየም»። እኛ እርስ በርሳችን «ቫይረሱ ተኝቷል» እንላለን። በሚያዝያ ተደውሎልኝ ቶሎ ይምጡ ተባልኩ። ነርሷ በሩን ዘጋችና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። 14,300 የቫይረስ ኮፒ ይላል። አፌን ሳልከፍት፣ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «መድኃኒቱን ስንት ቀን ረስተውት ነው?» የሚል ነበር።

አንድም ቀን አልረሳሁም አልኳት። በማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ሁሉም ሰው እንደዚያ እንደሚላት ገባኝ።

የስድስት ወር ቀጠሮዬ ተነሣ። በየወሩ እየመጣሁ፣ ክኒኔ እየተቆጠረ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ ምክር እንድወስድና ከሦስት ወር በኋላ ደም እንድደግም ተወሰነ። መመሪያው እንደዚያ ነው፤ ነርሷ ከመመሪያው አልወጣችም። እኔም ቀኑን ሙሉ ተሰልፌ ስውል ያቦካሁት ሊጥ ይኮመጥጣል፤ የዚያ ቀን ገቢ የለም። ይህን ለራሴ ችየዋለሁ። ያልቻልኩት ቤቴ ውስጥ የሆነውን ነው።

እኔና ባለቤቴ ውጤታችን የተለያየ ጥንዶች ነን። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ካልታየ ለባሏ አታስተላልፍም ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተው ናችሁ፤ እውነትም ነው። እንደ እኛ ያሉ ጥንዶችን በአውሮፓ ለዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ፣ ቫይረሱ ከተኛበት ሰው ወደ አጋሩ የተላለፈበት አንድም አጋጣሚ አልተገኘም። በዚህ አምነን ሰባት ዓመት በሰላም ኖርን። ያ ሰላም ግን የቆመው በአንድ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ሲዋሽ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ።

ውጤቱን ስነግረው ባለቤቴ «ስህተት ይሆናል» አለኝ። ደግ ሰው ነው። ከሳምንት በኋላ ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሣ ኩሽናው ውስጥ መብራት በርቷል። የመድኃኒቴን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ፣ ክኒኖቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየገፋ ይቆጥራል። እንዳላየሁት ሆኜ ተመልሼ ተኛሁ። አልተቀየምኩትም፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እቆጥር ነበር። ሦስት ወር እሱ ሳሎን፣ እኔ መኝታ ቤት አደርን። እሱ ሄዶ ተመረመረ፤ ነጻ ነህ ተባለ። ቆይቶ ደገመው፤ አሁንም ነጻ ነው። ታላቋ ልጄ «አባዬ ለምን ሳሎን ይተኛል?» ብላ ስትጠይቀኝ ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም።

በሁለተኛው የምክር ቀን ኬዝ ማናጀሯን፣ እኛን የምትከታተለዋን ሠራተኛ፣ ለመንኳት። እሷም እንደ እኔው መድኃኒቱን የምትወስድ፣ የእኛን ነገር ሳይነግሯት የምታውቅ ልጅ ናት። «እህቴ፣ እኔን ሁለት ወር ሙሉ ጠየቃችሁኝ፤ እስቲ አንድ ቀን ደሜን ጠይቂልኝ» አልኳት። ተነሥታ ወደ ላቦራቶሪ ሄደች። ቆይታ ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። ስሜ በየሰፈሩ የሚገኝ ስም ነው፤ የአባቴም እንዲሁ። በዚያች የመጋቢት ቀን በስምም በአባት ስምም ከእኔ ጋር አንድ የሆነች ሌላ ሴት ደም ሰጥታለች። በሁለታችንም የናሙና መላኪያ ወረቀት ላይ የአያት ስም የለም። የካርድ ቁጥሮቻችን ደግሞ ተለዋውጠው ነው የተጻፉት፤ የእኔ በእሷ ወረቀት ላይ፣ የእሷ በእኔ።

ያን ጊዜ እፎይ ማለት ነበረብኝ። ወዲያው የመጣብኝ ግን ሌላ ሐሳብ ነው። የእኔ ጥሩ ውጤት የት ሄደ? ያቺ ሴት «አልታየም፤ ጎበዝ፣ በዚሁ ይቀጥሉ» ተብላ የስድስት ወር መድኃኒት ተሸክማ ወደ ቤቷ ሄዳለች። ምናልባት ባል ይኖራታል። ምናልባት የምታጠባው ልጅ ይኖራታል። ምናልባት መድኃኒቱ ከሆዷ አልስማማ ብሏት ስትዘል ከርማ፣ «እንዲያውም ስዘለውም አልታየም» ብላ ልቧ ሞልቶ ይሆናል። እኔ በሐሰት አለቀስኩ፤ እሷ በሐሰት ተደሰተች። ከሁለታችን ይበልጥ የተጎዳችው እሷ ናት። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ከራሴ ይልቅ በዓይኔ የምትመጣብኝም እሷ ናት።

ያን ሳምንት ደም ደገምኩ። በሐምሌ ውጤቱ መጣ፤ «አልታየም»። ስለ እሷ ማንም ለእኔ ሊነግረኝ አይገባም፤ ምስጢሯ ነው። ኬዝ ማናጀሯ አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ በጆሮዬ አንዲት ቃል ብቻ አለችኝ፤ «ተገኝታለች»። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም።

ይህች ልጅ ዛሬ በቦታዋ የለችም። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ ደመወዛቸው ከዚያ ይመጣ የነበረ ሠራተኞች ሲሰናበቱ እሷም አብራ ሄደች። ዛሬ በእኔ ላይ የደረሰው በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ፣ ከወንበሯ ተነሥታ መዝገብ የምታገላብጠው ማን ናት? ለእናንተ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይህ ጥያቄ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላልና፣ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ባለሙያ ሁሉ ስጠይቅ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። በማሽኑ ላይ ክርክር የለኝም። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ ቆጥሮ የሚነግር ማሽን ከተሠራ፣ እሱን የሚያህል ወዳጅ ለእኛ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 መድኃኒታችን መሥራት አለመሥራቱ ከሁሉ በፊት በቫይራል ሎድ ይታይ ሲል ልክ ነበር። ማሽኑ ግን የሚቆጥረው የመጣለትን ነው። የማን ደም እንደሆነ አያውቅም፤ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ፀሐይ እንደመታው፣ መብራት እንደጠፋበት አያውቅም። ደማችን ከክንዳችን ተነሥቶ ማሽኑ ዘንድ እስኪደርስ ያለው መንገድ ነው የሚያስፈራኝ።

ሐምራዊ ክዳን ባለው ቲዩብ የተቀዳ ደም ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ፕላዝማው፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ መለየት አለበት። ከተለየ በኋላም ቅዝቃዜው እንዲጠበቅለት ይፈልጋል። ሳይለይ ከቆየ ማሽኑ የሚቆጥረው የቫይረሱ ዘረ መል፣ አር ኤን ኤ የሚሉት፣ ይሰባበራል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ከእውነቱ ያንሳል። ወይም ደግሞ ነጭ የደም ሴሎቹ ይፈርሱና ውስጣቸው ተደብቆ የኖረው የቫይረሱ ዘረ መል ወደ ፕላዝማው ይወጣል፤ አንዳንዱ የምርመራ ዘዴ ይህንንም አብሮ ይቆጥረዋል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ከእውነቱ ይበልጣል። አንዱ ስህተት የታመመውን ደህና ነህ ይለዋል፤ ሌላው ደህናውን ታመሃል ይለዋል። ሁለቱም በወረቀት ላይ ሲመጡ ግን እንደማንኛውም ውጤት ንጹሕ ቁጥር ሆነው ነው የሚመጡት።

አሁን ይህን 24 ሰዓት ይዛችሁ እኛ ሰፈር ኑ። አርብ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ ደም ይቀዳል። መብራት ይጠፋል፤ ሴንትሪፊዩጁ ያለ መብራት አይዞርም። ጄኔሬተር ካለ ናፍጣ የለም፤ ናፍጣ ካለ የሚያስነሣው ሰው ወጥቷል። ናሙና የሚወስደው ሰው በቃሊቲ መንገድ ከባድ መኪና መሐል ተቀርቅሯል። ቅዳሜና እሑድ መጣ። ሰኞ ጠዋት ያ ቲዩብ ምን ይደረጋል? አውቀው የሚጥሉት ባለሙያዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። አንዲት የላቦራቶሪ ልጅ «እናቴ፣ የእርስዎን ደም ጥዬዋለሁ፤ ቆይቶብኝ ነበር፤ ይቅርታ፣ እንደገና ልቅዳዎት» ብላኛለች። ያን ቀን ተናድጄ ነበር። ዛሬ ባገኛት ግንባሯን እስማታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ጊዜ ናሙናዬ ውድቅ ተደርጎ ሳለ ማንም ሳይነግረኝ «ውጤትዎ አልመጣም» እየተባልኩ አራት ወር ተመላልሻለሁ። ውጤቱ የሚመጣው ከየት ነው፣ ደሙ ከተጣለ?

በቁጥሩ አነባበብ ላይም አንድ ነገር ልበል። ደሙ በደንብ ተጠብቆ እንኳ ያው ሰው ሁለት ጊዜ ቢመረመር ቁጥሩ አንድ አይሆንም። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ካልደረሰ ባለሙያዎች እንደ እውነተኛ ለውጥ አይወስዱትም። 700 የነበረ ሰው 1,100 ቢሆን ቫይረሱ ተነሣ ማለት አይደለም። በ1,000 ላይ መስመር ስለተሰመረ ብቻ ግን አንዱ «ጎበዝ» ይባላል፣ ሌላው «ምን ሆነው ነው?» ይባላል። መስመር ያስፈልጋል፤ ይገባኛል። መስመሩ አጠገብ ለቆመ ሰው ግን እባካችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

መስመር አጠገብ መቆምን እኔ ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን ሰው ስላመመው ብቻ አይጀምርም፤ ሲዲ ፎር የሚባሉት፣ ሰውነትን የሚከላከሉ የደም ሴሎች ቁጥር ከ200 በታች መውረድ ነበረበት። በ1998 የእኔ 214 መጣ። ገና ነሽ፣ ተመለሽ ተባልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሳል ጸንቶብኝ ሌላ ቦታ ተመረመርኩ፤ 187። በዚያው ሳምንት መድኃኒት ጀመርኩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ይህን ያህል የባስኩ ይመስላችኋል? ሲዲ ፎር በጠዋትና በማታ እንኳ ይለያያል፤ ጠዋት ዝቅ ይላል፣ ወደ ማታ ከፍ ይላል። ሳንባ ነቀርሳ፣ እርግዝና፣ ተራ ጉንፋን ሳይቀር ያወርደዋል። 214ና 187 ለማሽኑ አንድ ቁጥር ማለት ናቸው። ለእኔ ግን በሁለቱ መካከል ሕይወቴ ነበር። ያን ቀን አብሮኝ ተሰልፎ የነበረ አንድ ሰው 231 ወጥቶለት ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ ተብሏል። የሚያስል፣ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ነበር። በየቀጠሮዬ ዓይኔ ፈልጎታል፤ አላየሁትም።

ዛሬ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው ይጀምራል፤ ያ ጭንቀት አልፏል። ስለ ሲዲ ፎር ካነሣሁ ግን ሰፈሬን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ከዛሬ 29 ዓመት ገደማ በፊት፣ በ1989 ዓ.ም.፣ እዚሁ አቃቂ የሚገኝ የፋይበር ፋብሪካ ሠራተኞች ለኢትዮ-ኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ደማቸውን መስጠት ጀመሩ። ቫይረሱ ያለባቸውም የሌለባቸውም በየጊዜው እየመጡ ሰጡ። ከእነሱና ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ደም ከተገኙት ትምህርቶች አንዱ ይህ ነው፦ የጤነኛ ኢትዮጵያዊ ሲዲ ፎር ከጤነኛ ሆላንዳዊ ሲዲ ፎር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሕመም ሳይሆን እዚህ ተወልዶ የማደግ ነገር ነው። እንግዲህ አንድን ቁጥር ትንሽ ነው ለማለት በማን ልክ እንደሚለካ መጀመሪያ መታወቅ አለበት ማለት ነው። ይህን ለአገሪቱ ያሳወቁት የአቃቂ የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። እነሱ ደማቸውን ሲሰጡ የማንም ስም ከማንም ጋር አልተምታታም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የልጆቻቸው ደም ዛሬ ከዚያው ሰፈር ሲወጣ ያንኑ ያህል ክብር ቢያገኝ ብዬ እመኛለሁ።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ አለ፤ ይህ እንኳ ከቫይራል ሎድ ወጣ ያለ ነው፣ ግን ሰው እየጎዳ ስለሆነ ልናገረው። እንጦጦ ጠበል የሚመላለሱ ወዳጆች አሉኝ፤ እኔም ተጠምቄያለሁ፣ እምነቴ ነው። መድኃኒቱን እየወሰዱ ቆይተው፣ ከጠበል ሲመለሱ «እስቲ ድኜ እንደሆነ ልይ» ብለው በጣት ደም የሚታየውን ፈጣን ምርመራ በድብቅ የሚያደርጉ አሉ። ያ ምርመራ ቫይረሱን አያይም፤ ሰውነታችን ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራውን መከላከያ ነው የሚፈልገው። ቫይረሱ በመድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲተኛ ያ መከላከያ በአንዳንድ ሰው ላይ ይሳሳል፤ ምርመራውም ቫይረስ የለም ብሎ ሊወጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት ላይ ያለ ሰው በዚህ መንገድ አይመርመር የሚለው ለዚህ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ግን ይህን የነገራት አልነበረም። «ነጻ ነሽ» ተባለች፤ ክኒኑን ጣለች። በዓመቷ ተሸክመን ወሰድናት፤ አሁን ደህና ናት። በግንቦት 1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብሮ ይወሰድ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም ብለው ነበር። ያንን ቃል የጥምቀት ቦታው ላይ የሚደግም ሰው ካለ፣ «ከመድኃኒት በኋላ የጣት ደም አይታመንም» የሚለውን አብሮ እንዲናገር ቢደረግ ብዙ ሰው ይተርፋል። መርማሪዎቹም ደም ከመውሰዳቸው በፊት «መድኃኒት እየወሰዱ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መጀመሪያ የሚመረመርም ቢሆን በአንድ ምርመራ ብቻ ፍርድ እንዳይሰጠው፣ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊትም እንደገና እንዲረጋገጥለት ሥርዓት አለ፤ ሥርዓቱ በግል ክሊኒኮችም እንዲከበር ተቆጣጠሩልን።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ። የምለምናችሁ ብዙ ብር የሚጠይቅ አይደለም።

ደም ስንሰጥ ስማችን፣ የአባታችን ስም፣ የአያታችን ስምና የካርድ ቁጥራችን ቲዩቡ ላይ እኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጠን ሳለ ይጻፍ። ከተቀዳ በኋላ ቲዩቦቹን ሰብስቦ መጻፍ ይቅር። ተጽፎ ሲያልቅም ለእኛ ይታይ። ጮክ ተብሎ አይጠራ፤ በራፍ ላይ የተሰለፈው ጎረቤታችን ነው። ዝም ብላችሁ አሳዩን። ማንበብ የማይችል ሰው ካለ በጆሮው ንገሩት።

ውጤቱ የሚመጣበት ወረቀት ላይ ደግሞ ሦስት ሰዓቶች ይጻፉ፤ የተቀዳበት፣ ፕላዝማው የተለየበት፣ ናሙናው ወደ መርማሪው ላቦራቶሪ የደረሰበት። ዛሬ በእጃችን የሚገባው ወረቀት ላይ ቀንና ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ሰዓቶቹ ሌላ መዝገብ ላይ ይኖሩ ይሆናል፤ ነርሷ ፊት ግን የሉም። ነርሷ ፊት ካልኖሩ ደግሞ ልትጠይቅ የምትችለው እኔን ብቻ ነው። ሰዓቶቹን ብታይ ኖሮ፣ ስሞቹን ብታይ ኖሮ፣ ያን ቀን ከአፏ የሚወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ክፉ ሰው አይደለችም።

ለዓመታት ቫይረሱ ተኝቶለት የኖረ ሰው ድንገት ከፍ ብሎ ከታየ፣ ምክሩ ከመጀመሩ በፊት የናሙናው መንገድ ይመርመር፤ በዚያው ሳምንት ደም ይደገም። ምክሩን አልጠላም። መድኃኒት የምንዘል አለን፤ ርቦን የምንዘል፣ ሰው እንዳያየን የምንዘል፣ ሰልችቶን የምንዘል አለን። ለእነዚህ ምክሩ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱም ተላምዶባቸው ከሆነ መለወጥ አለበት። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። የሦስት ወር ጥርጣሬ ትዳር ያፈርሳል። ሬጀንት፣ የምርመራው ኬሚካል፣ ውድ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው መድገም አንችልም ትሉኝ ይሆናል፤ ይህን የነገሩኝ ባለሙያዎችም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለእኔ የወጣውን ግን አብረን እንደምር። ሁለት የምክር ቀን፣ የነርሷ ሰዓት፣ የባለቤቴ ሁለት ምርመራ፣ ለማንኛውም የተደገመው ቫይራል ሎድ። በዚያ ላይ የዚያች ሴት ሳይታከም የቆየው ቫይረስ። አንድ ቲዩብ ቀደም ብሎ ቢደገም ከዚህ ሁሉ ይረክስ ነበር። መድገሙ እንኳ ቢያቅት መዝገቡን ማገላበጥ ምንም አያወጣም፤ ለኬዝ ማናጀሯ ግማሽ ሰዓት ነው የፈጀባት።

ናሙናችን ውድቅ ከተደረገ በዚያው ቀን ይደወልልን። ለቀጠሮ መደወል የምትችሉ ለዚህም ትችላላችሁ።

አንድ የመጨረሻ ሐሳብ አለኝ፤ ይህን ለኢንስቲትዩቱ ነው የምለው። ላቦራቶሪዎች በትክክል መሥራታቸውን ለማረጋገጥ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና ከውጭ እየተላከላቸው እንደሚፈተኑ አንብቤያለሁ። ጥሩ ነው። ያ ናሙና ግን ተጠቅልሎ፣ ቀዝቅዞ፣ በክብር ላቦራቶሪው በር ላይ ነው የሚደርሰው። የእኛ ደም በዚያ መንገድ አይደርስም። አንዳንዴ ፈተናው ከእኛ ጤና ጣቢያ የደም መቅጃ ወንበር ይነሣ። አርብ ከሰዓት ይቀዳ፤ መብራት በጠፋበት ቀን ይቀዳ፤ በሁለት ተመሳሳይ ስሞች ይላክ። ከዚያ ውጤቱ የማን ሆኖ እንደሚመለስ ይታይ። የሚወድቅ ካለ ማን ነው ብላችሁ ሠራተኛ አትቅጡ፤ የት ላይ ነው የተምታታው ብላችሁ ያንን ቦታ አስተካክሉልን። ሠራተኛ ከተቀጣ ቀጣዩ ሰው ስህተቱን ይደብቃል፤ ያን ጊዜ «ጥዬዋለሁ፣ ይቅርታ» የምትለኝን ልጅም አጣለሁ።

የሁለተኛዋ ልጄ ደም በ45 ቀኗ ነው የተወሰደው፤ ከተረከዟ፣ ወረቀት ላይ አምስት ክብ ጠብታ። ያንን ወረቀት ያደረቀችው ነርስ አጠገቤ ቆማ እያንዳንዱ ክብ መሙላቱን ሁለት ጊዜ አየች፤ የልጄን ስም ጻፈች፤ የእኔን ካርድ ቁጥር ጻፈች፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙራ «ልክ ነው?» አለችኝ። ማንበብ መቻሌን እንኳ ሳታውቅ ነው የጠየቀችኝ። ውጤቱ እስኪመጣ በጭንቀት አለቅሁ፤ ደሙ የልጄ ለመሆኑ ግን አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም።

የሚቀጥለው የደም ቀጠሮዬ ሐሙስ ጥር 14 ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እገኛለሁ። ቲዩቡ ላይ የአያቴ ስም ተጽፎ ሳላየው ከወንበሩ አልነሣም።

ከአክብሮት ጋር
ከቱሉ ዲምቱ፣ የሁለት ልጆች እናት